ዝተቴን መልስ

የከተማው ስም መሃል ሜዳ፣ የኳሱም ቦታ መሃል ሜዳ፤
እኛ ከሸዋሮቢት የወጣን፣ ለመንዝ ብርድ እንግዳ።
በቅጥቅጥ አይሱዙ ተሳፍረን፣ ጣርማበርን በጉም አልፈን፣
ጣታችን ሳይፈታ ገባን፣ ጓንቱን በትንፋሽ አሙቀን።

ከኔ ጎል ጀርባ፣ ከድንጋይ ካቡ ላይ፣
ባርኖሱን ደርቦ በርጩማ ላይ የሚታይ
ጋሽ ሸዋንግዛው ነው፤ ዝተት የሚነግድ፣
ሲያስነጥስ እንኳን በግ የሚያስወርድ።

ገና ስሟሟቅ ያየኛል፤ ስሜን ትቶ ስም ያወጣል፤
«አንተ ማሾ! ቶሎ የምትበስል!» ሕዝቡ ካቡን ይዞ ይስቃል።
«ሽንኩርት መሰለችህ ወይ፣ ኳሷን አይተህ የምታለቅስ?
ከዛፍ የወደቀ ማንጎ፣ አንተ እጅ ላይ አይደርስ!
ግራህ ባዶ ነው፣ ግራህ! በር የሌለው የሙት ቤት!»
ይህን አጥቂው ሁሉ ይሰማል፤ እኔም ሰማሁት ዘጠኝ ዓመት።

ጎል ስንቀያየር፣ ከእረፍት በኋላ፣
በርጩማውን አንጠልጥሎ ይመጣል እኔን ተከትሎ፣
የሜዳውን ዙሪያ፣ በጭቃው፣ በሣሩ፤
እኔን ካልተሳደበ ኳስ አይመስለው ነገሩ።
ዳኛው አንዴ አስወጣው፤ ፖሊስ እጁን ይዞ ሄደ፤
«ማሾ!» የሚል ድምፅ ወዲያው ከባሕር ዛፉ ጫፍ ወረደ።

እውነቱን ልንገራችሁ፦ ጠላሁት።
ሌሊት ሽንኩርት ሳጠጣ፣ ቦዩን ስከፍት ስዘጋ፣
መልስ አዘጋጅለታለሁ፣ ስድብ በስድብ ስዋጋ፤
ሲነጋ ግን የለም። ምላሴም እንደ እጄ ናት፣
የመጣላትን ትለቃለች።

በሰባተኛው ዓመት አባቴ ሞተ።
አርባው ሳይወጣ ተጠራሁ፤ ሌላ በረኛ አልነበረም፤
ራሴን ተላጭቼ ቆምኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም።
«ማሾ! ፀጉርህንስ ማን በላው? ቅማል ነው ወይስ ዕዳ?»
ሳቁ ካቡን ተሻገረ፤ ጎርፍ ሆነ በሜዳ።
ከዚያ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ በጆሮው አንድ ነገር አለው።

ዝም።

በመረቡ የሚያፏጨውን ነፋስ ያን ቀን ገና ሰማሁት።
ከእረፍት በኋላ አልዞረም፤ በዚያኛው ጎል ጀርባ ቀረ፣
አንገቱን ባርኖሱ ውስጥ እንደ ኤሊ ቀበረ።
እኔም፣ ይገርማችኋል፣ ሦስቴ ዞሬ ፈለግሁት፤
በሦስተኛው ጎል ገባብኝ።
በግራ።

መኪናው ሊነሳ ሲል አንድ እጅ በመስኮት ገባ፣
ፊቱን ወዲያ አዙሮ፣ እንደተያዘ ሌባ፤
ጭኔ ላይ ጥቁር ዝተት ጣለ፤ በግ በግ የሚሸት፣ ከባድ፤
«ለጣርማበር ብርድ ነው» አለ። ሰለለ ያ ድምፅ፣ በግ የሚያስወርድ።

በዓመቱ ስንመለስ፣ ገና እግራችን ሜዳ ሳይረግጥ፣
ከካቡ ላይ ተነስቶ፣ አገሩ ሁሉ እየሰማው፣
«ማሾ! ዝተቴን መልስ!» አለ፤ ሕዝቡ ምኑንም አላወቀው፤
እኛ ሁለታችን ብቻ ሳቅን። ያን ቀን ሁለት
ፍጹም ቅጣት ምት ያዝኩ፤ ሁለቱም በግራ ናቸው።

ዘንድሮ አሥረኛው ነው።
ካቡ አለ፤ በርጩማው የለም።
ልጆች ስልክ ደቅነዋል፤ የሚጮህ ግን አንድም የለም።
ምን ሆነ ብዬ አልጠየቅሁም፤
የሚያውቁት ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ።
አሸነፍን፤ አለቀ፤ ማንም አልሰደበኝም፤
እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም መሃል ሜዳ፣
እንዲህም ከብዶኝ አያውቅም።

ሸዋሮቢት ሌሊቱም እሳት ነው፤ አንሶላ እንኳ ይከብዳል።
«ይሄ ሱፍ ምድጃ ቤት ውስጥ ለማን ነው?» ትላለች ሚስቴ፣
«ብል ሳይበላው ሽጠው!» እኔ አጥፌ ከራስጌዬ አኖራለሁ።

እመልሳለሁ፣ ጋሽ ሸዋንግዛው።
ብቻ አንዴ ይጩሁና ይጠይቁኝ።